የመርማሪዋ ጥያቄ

የትወና መምህሩ ፈተናው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መጸዳጃ ቤት ገብተው በሩን ቆለፉና ራሳቸው የጻፉትን ተውኔት እንደ ጀማሪ ተማሪ መሸምደድ ያዙ። ያውም አራት ገጽ ብቻ። አንዱን ገጽ ሲይዙት ያለፈው ይጠፋል።

ሰው አይወቅባቸው እንጂ ከዓመት ወዲህ ቃል ይከዳቸው ጀምሯል። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ቀጠሮ፣ አሁን አሁን ደግሞ የጀመሩት ወሬ መጨረሻው። ለባለቤታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩበትን ክፍል ሳይነጠቁ ይህችን ዓመት ብቻ ቢጨርሱ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። የዛሬን አያድርገውና ያለችግር እየጨረሱም ነበር። ጠዋት ግን በፈተናው ተውኔት አባትየውን የሚጫወተው ተማሪ ጉሮሮው ተዘግቶ መጣ። ቢታገል ቢታገል ከአፉ ፉጨት ብቻ ነው የሚወጣው።

"ምን ቸገረን፣ ጋሼ አሉ አይደል!" አለች የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከሌላ ኮሌጅ የመጡትን ሁለት ፈታኞች እያስቀመጠች። "ድርሰቱ የራሳቸው ነው፤ እንደ ውሃ ጠጥተውታል።" እሷም ድሮ የሳቸው ተማሪ ነበረች። አድንቃ አድንቃ ገደል ከተተቻቸው።

ወረቀቱን ይዘው ቢወጡስ? የማይታሰብ ነው። በሳቸው ክፍል ወረቀት ይዞ መድረክ የወጣ ተማሪ ጉዱ ይፈላል። ከመጋረጃ ጀርባ ቃል የሚያቀብል ሰው ማስቀመጥም ክልክል ነው። "መድረክ ላይ የጠፋበትን የሚያድነው ፊት ለፊቱ የቆመው ነው" ይላሉ። አዳኙም "እንዲህ በል" አይልም፣ ይጠይቃል። መልሱን ጥያቄው ውስጥ ሸጉጦ ያቀብላል፤ ተመልካች አይነቃም። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚያስተምሩት።

ተፈታኟ ደግሞ መርማሪዋ ናት። ስሙን ያወጡላት ራሳቸው ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የተነገረውን መልሳ እየጠየቀች አንጀታቸውን ስታሳርር የከረመች ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ትናንት ያቆምነው ትንፋሽ ላይ ነው ወይስ አቋቋም ላይ?" "ጋሼ፣ ዛሬ ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንሠራው አላሉም?" ክፍሉ በሳቅ ያውካካል፤ እሳቸውም "አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ጣቢያ መሰለሽ እንዴ?" ይሏታል። ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቶ በሚውለው የውጤት መዝገብ ለተሳትፎ ከሃያው ስድስት ብቻ ሰጥተዋታል፤ ከጎኑም "አታዳምጥም" ብለው ጽፈዋል። ዛሬ ካልቀናት ዓመቱን መድገሟ ነው።

መድረኩ ላይ አንድ በርና አንድ ወንበር አለ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የተመለሰ አባት ያንኳኳል፣ ልጁ ትከፍታለች።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለች።

የመጀመሪያው ገጽ ያለ እንከን አለፈ። ሁለተኛው ላይ "የሄድኩት..." አሉና ቆሙ። ለምን ነበር የሄዱት? ከፈታኞቹ አንዱ እስክሪብቶውን አነሳ።

"ለሥራ ነው ልትለኝ ነው?" አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል። "እናቴን ፈርተህ አይደለም?"

"እናትሽን ፈርቼ ነው" አሉ። የቀረው ቃል ተከታትሎ መጣ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ አባትየው ስለ ጻፋቸው ደብዳቤዎች የሚሉት ጠፋባቸው። "ጽፈህ ሳትልካቸው ቀረህ ወይስ እኔ ጋ ሳይደርሱ ቀሩ?" ብላ አሻገረቻቸው።

መጨረሻው ገጽ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነበር። ቃሉ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ጠፋ። በሩ የምን በር ነው? ይህች የምታፈጥባቸው ልጅ ማን ናት? ሰው እየጠበቃቸው መሆኑን ያውቃሉ፣ ምን እንደሚጠብቅ ግን አያውቁም። ገበያ መሃል የእናቱ እጅ እንዳመለጠው ሕፃን ፈሩ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ።

ልጅቷ ጠጋ ብላ እጃቸውን ያዘች። በልምምድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። "አባዬ፣ የመጣኸው ወደ ቤትህ አይደለም? እኔስ ልጅህ አይደለሁም? ይቅር በዪኝ ልትለኝ ነው ወይስ ልትሄድ?"

ተውኔቱ አልታወሳቸውም፣ ድምፁን ግን አወቁት። "ትንፋሽ ላይ ነው ወይስ አቋቋም ላይ" የምትልበት ያው ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ሞኝ የሚመስል፣ መልሱን አስቀምጦ የሚጠብቅ። ዓመቱን ሙሉ! አንድም ቀን ጠፍቷት ጠይቃ አታውቅም። የሚጠፋባቸው እሳቸው ነበሩ፣ እሷ ስታቀብል ከርማለች። አፈሩ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

"ይቅር በዪኝ፣ ልጄ" አሉ።

ጽሑፉም የሚያበቃው በዚሁ ነበር። ፈታኞቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ከዚያም ነጥብ ሊሰጡ ወደ ጎን ክፍል ገቡ።

ኃላፊዋ ግን አላጨበጨበችም። ዘዴውን የተማረችው ከሳቸው ነው። መድረኩ ላይ ወጥታ "በመሃል የተጨመረ ጥያቄ ነበር" አለች። "ማነው የጠፋበት?"

"እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። "ተደነባብሬ ያልተጻፈ ጥያቄ ጠየቅኩ። ጋሼ ናቸው ያዳኑኝ።"

ቃሉ የጠፋበት ተፈታኝ እንደሚወድቅ ሦስቱም ያውቃሉ። መምህሩ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ዝም ቢሉ ክፍላቸው ይቀርላቸዋል።

"ውሸቷን ነው" አሉ። "የጠፋብኝ እኔ ነኝ። ዛሬ ሦስት ጊዜ። ዓመቱን ሙሉ ስንት ጊዜ እንደሆነ እሷን ጠይቂያት።"

ኃላፊዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ጋሼ..." አለች።

"እሱን በኋላ። መጀመሪያ የማርመው ነገር አለ።" መዝገባቸውን አምጥተው ከፈቱና በስሞቹ ላይ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አወረዱ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሃያ ሦስት ስም አለ፤ የቱ የሷ እንደሆነ አላወቁም።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች።

"ጋሼ" አለች በዚያው ድምፅ፣ "የኔ 'አታዳምጥም' የሚለው አጠገብ ያለው አይደል?"