ከእንሰቱ መውጫ

አቶ ዋለ ስለ አፈሳው ሲጠየቁ መልሳቸው ምንጊዜም «ሆድ ይፍጀው!» ነበር። በደርግ መጨረሻ ዘመን ወታደሮች ገበያውን ከበው ጎረምሶችን ለጦርነት ሲጭኑ፣ እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ሕዝቅኤል አብረው ታፈሱ፤ እሳቸው እያነከሱ ተመለሱ፣ ሕዝቅኤል ቀረ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።

ልጃቸው ቤቴል ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ታሪክ ታስተምራለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሷም አልለቀቀችም። ስለዚያ አፈሳ የሚያስተምር የኮምፒውተር ጌም ከአይሲቲው መምህር ጋር ሠራች። ሰኞ ለተማሪዎቿ ልታሳየው ነው፤ አባቷ ሳይመርቁት ግን ክፍል ይዛው ለመግባት ልቧ እምቢ አላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላፕቶፑን ፊታቸው አስቀመጠች።

«በዚህ ቁልፍ ልጁን ያስሮጡታል፣ አባዬ። ወታደሮቹ እንዳይዙት ነው።»

ሊቆጡ ነበር። ስክሪኑ ላይ ገበያውንና ጥግ የቆመውን ኦራል የጦር መኪና ሲያዩ ግን ቁጣው ጠፋባቸው። ልጁን በበርበሬ ተራ አሾልከው፣ ከብት ተራውን አሳልፈው፣ አንድ ጓሮ እንሰት ውስጥ ደበቁት። ጭብጨባ ተሰማ። «አሸንፈሃል!» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

አቶ ዋለ ቁልፉን መጫን አላቆሙም።

«አልቋል እኮ አባዬ! አመለጡ!»

«ወንድሜስ?» አሉ። «ከእንሰቱ የሚወጣው በየት ነው?»

መውጫ አልሠራችለትም።

«እኔ አልታፈስኩም፣ ልጄ» አሉ እንባቸው እየወረደ። «እንሰት ውስጥ ተደብቄ ተርፌ ነበር። ሕዝቅኤል መኪናው ላይ ሆኖ ስሜን ሲጠራ ሰማሁት። ገና ልጅ ነው፣ ማን አብሮት ይሂድ? ወጣሁና በእግሬ ሄጄ ተጫንኩ። እጄ ላይ ነው የሞተው።»

ቤቴል ጉልበታቸውን ይዛ አለቀሰች። በዚያች ሰዓት ጌሙን ጠላችው።

ሰኞ ለተማሪዎቿ አላሳየችውም። ጭብጨባውንና «አሸንፈሃል» የሚለውን አጥፍታ፣ ከእንሰቱ መውጫ መንገድ እስክታበጅ ሳምንታት አለፉ። ከመኪናው ላይ ለሚሰማው ጥሪ ድምፅ የሰጡት አቶ ዋለ ናቸው፤ የገዛ ስማቸውን፣ ወንድማቸው እንደጠራቸው አድርገው ጠሩት።

ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የተጫወተችው ዮዲት ናት። እየሳቀች ልጁን እንሰቱ ውስጥ አስገባችው። ከኦራሉ ላይ «ዋለ! ዋለ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዮዲት ሳቋ ጠፋ። ጣቷን ከቁልፉ አንስታ ወደ አስተማሪዋ ዞረች።

«ቲቸር፣ ላውጣው?»

ድምፁ መጣራቱን ቀጠለ።