ያልመጣው ጎርፍ

ሥራዬ ፊልም ላይ የሌለ ነገር መጨመር ነው። ካሜራ ያነሣውን እውነተኛ ቦታ ይሰጡኛል፤ እኔ በኮምፒውተር እሳት፣ ጭስ ወይም ውሃ እጨምርበታለሁ። ተመልካቹ የትኛው ከካሜራ፣ የትኛው ከእኔ እንደመጣ መለየት የለበትም። ከለየ ሥራው ከሸፈ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰፈር በጎርፍ ሲወሰድ የሚያሳይ ፊልም ያዝን። አለቃዬ ቁልቁል የሚወርደውን የአክስቴን ሰፈር መንገድ ስለወደደው ቀረጻው እዚያ ሆነ። ጎረቤቱን ለምና ያስፈቀደችልን አክስቴ ናት። የፊልሙ ታሪክ እንዳይወጣ ስለተባለ ስለ ጎርፉ አልነገርናትም። ብርሃኑ ከየት ከየት እንደሚመጣ ለመያዝ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ኳስ ከፍ አድርጌ መንገዱ መሐል ስቆም የአክስቴ ጎረቤት መካኒኩ፣

«አንተ፣ ዝናብ ልታቆም ነው ወይስ ልታዘንብ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

ውሃው አሥር ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን ውሃ አለቃዬ አይቶ፣ «ይሄ ጎርፍ ነው ሻይ?» አለኝ። «ጎርፍ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የሰው ዕቃ ይዞ ነው የሚመጣው።»

ጭቃ ጨመርኩ። ጄሪካን፣ የተገነጠለ ቆርቆሮ፣ ፍራሽ ጨመርኩ። ውሃው የነካው ግድግዳ እርጥብ ሆኖ እንዲቀር አደረግሁ። በመጨረሻ የአክስቴን መስኮት እስከ ግማሹ በውሃ ሸፈንኩት።

አሥር ቀን አንድ ነገር ላይ ያፈጠጠ ዓይን ይደነዝዛል። ስለዚህ በእኛ ሥራ አዲስ ዓይን እንፈልጋለን፤ ምንም ላልተነገረው ሰው እናሳይና ፊቱን እናያለን። ከስቱዲዮው በሚወጣ ቪዲዮ ሁሉ ላይ ግን «ሙከራ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ መኖር አለበት። እኔ ጽሑፉን አጠፋሁት። ጽሑፉ እያለ ማን ይደነግጣል ብዬ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሥራዬን ከሠርግ ፎቶ ለይታ አታውቀውም። አንድም ቃል አልጻፍኩላትም። ደንግጣ ትደውልልኛለች፣ እስቃለሁ፣ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።

እሷ ግን መጀመሪያ እናቷ ጋ ደወለች። ከዚያ ፀጉር ቤቱን ለሞሉት ሴቶች አሳየች። ውጭ እውነተኛ ዝናብ እየዘነበ ነበር። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ሲዘል፣ እኔ ጆሮዬን በማዳመጫ ደፍኜ የአንድ ጄሪካን ጥላ አስተካክላለሁ። ስልኬን ያየሁት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ ተደውሎልኛል፤ ቪዲዮውም ከማላውቃቸው ሰዎች ተመልሶ ደርሶኛል።

አክስቴ ሆስፒታል ልብስ ታጥባለች። ባለቤቷ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ግማሽ ጎናቸው ከታመመ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ካላነሣቸው ከአልጋ አይወርዱም፤ ቀን ቀን ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ይህን እያሰብኩ ነው በሩጫ የሄድኩት።

ስደርስ መንገዱ ላይ ከዝናቡ በቀር ውሃ የለም። አክስቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ታክሲ አልቆም ብሏት ግማሹን መንገድ ሮጣለች።

«ጋሼ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው። ቤቱም ደረቅ ነው።» አጠገቧ አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። «አየህልኝ የዘንድሮን ሰው? ቤቴን በውሃ ሞልተው አሳዩኝ! ይህን የሠራ እጅ አይባረክ! እንቅልፍ በዓይኑ አይዙር!»

የያዘችው እጅ ያው የሠራው እጅ ነው። «አሜን» ልል ምንም አልቀረኝም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። አለቃዬም ስመጣ መንገድ ላይ ደውሎ ያለኝ ይህንኑ ነው፤ «አፍህን ዝጋ፣ ነገ ይረሳል።» የአክስቴም ልጅ «ለእኔም ሰው ነው የላከልኝ» ብላት ታምነኛለች። በዓለም ላይ ሳላንኳኳ የምገባበት ቤት ይህ ብቻ ነው። እሱን ማጣት ፈራሁ። ከዚያ ባዶ እግሯን አየሁ።

«አክስቴ፣ ቪዲዮውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እጄን ለቀቀችው። አልጮኸችም።

«ያን ቀን ካሜራ ይዛችሁ የመጣችሁት ለዚህ ነው?»

«ለፊልም ነው። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

«መስኮቴን በውሃ ስትሞላው፣» አለች ቀስ ብላ፣ «አጎትህን የት አድርገኸው ነው?»

በዚያ መስኮት ላይ የሰማዩ ነጸብራቅ ትክክል መሆኑን አሥር ቀን ስመረምር፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሰው መተኛቱ አንዴም ትዝ አላለኝም።

«ግባና ራስህ ንገረው።»

ጋሼ ትራስ ተደግፈው ጣሪያውን ያያሉ። ነገርኳቸው። ቪዲዮውን አሳየኝ አሉና ሁለቴ አዩት።

«ጎበዝ ነህ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ደግሞ እኔ የሰማሁትን ልንገርህ። ‹ጎርፍ መጣ!› ተባለ። ከዚያ ኮቴ ነው፤ ሁሉም ሽቅብ ይሮጣል። የመካኒኩን ድምፅ ለየሁት፤ ‹ፍሪጁን ያዙልኝ፣ ፍሪጁን!› ይላል። በስሙ ተጣራሁ። ሦስቴ ተጣራሁ። ፍሪጁ በደጄ አለፈ።»

መካኒኩ ሥራ ሲፈታ እሳቸው ዘንድ ዳማ ሲጫወት የሚውል ወዳጃቸው ነው።

«ሳይሰማ ቀርቶ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ይሆናል። ትናንት ብትጠይቀኝ ተሸክሞ ያወጣኛል ብዬ እምልልህ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ሳላውቅ ብሞት ምን ነበረበት?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴንና ስሜን አስገብቼ ጎርፉ የእኔ ሥራ መሆኑን በስልኬ ቪዲዮ ቀርጬ ለሁሉም አሳወቅሁ። አለቃዬ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሣሁም። አንዱ ደግሞ «ውሸታም! እኛ በዓይናችን አይተናል» ብሎ ጻፈልኝ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። መካኒኩ ነው። ከደጃፉ አላለፈም።

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሼ?»

«ደህና። ፍሪጁ ደህና ነው?»

መካኒኩ ወለሉን አየ። አክስቴ ግባም ሂድም አላለችውም። እኔ ከአልጋው ጠርዝ ተነሣሁ፤ ወንበር ላቅርብለት ወይስ እኔም እንደ ጥፋተኛ ወጥቼ አጠገቡ ልቁም፣ አላወቅሁም።