ዓመት ከዓመት የተላገው በር

ግንበኛው ቤቱን የሚያነሳበትን ክሪክ እጀታ አንድ ጊዜ ሲያዞር ጣሪያው ቋ አለ። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች እየሮጠች ወጣች።

"ተናደ እንዴ?"

"አይዞዎት እናቴ" አለ ግንበኛው ከማዕዘኑ ሥር ከቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ። "ማዕዘኑ ቀና ሲል ትንሽ ያጉረመርማል።"

ነገ ልጇ አራስ ሆና ወደዚህች የማዕዘን ክፍል ትመጣለች። ግድግዳው ግን ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተተርትሯል፤ ልብስ ሰፊዋም "እዚህ ግድግዳ ሥር ሕፃን አላስተኛም" ብላ ምላለች። ቤቱን በገዛ እጁ የሠራው አናጢው ባሏ ነው። በየዓመቱ የክፍሏ በር አልዘጋ ሲል "እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ነው" ይልና መላጊያውን አምጥቶ አናቱን ይልገዋል። "ቤቱ እየሰመጠ ነው" ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ ሳትጠይቀው ግንበኛ ጠራች፤ ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። አሁንም ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ የለሰለሰ የወንበር እግር እንደገና እያለሰለሰ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማዕዘኑ ግንበኛው ቀደም ብሎ በሞላው አዲስ አርማታ ላይ አረፈ፤ የግድግዳው ስንጥቅም ገጠመ። ግንበኛው ውሃ ልኩን አስቀምጦ ሳቀ፤ እጁን ታጥቦም ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ከተላገው የመዝጊያው አናት እስከ ላይኛው መቃን፣ በእጀታው በኩል ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት ተከፍቷል።

"አንተ ሰውዬ! ና እስቲ፣ ያበጠውን እንጨትህን እይ!"

አናጢው መጣ። እጁን ወደ ክፍተቱ ሰደደ፤ አራት ጣቶቹ ሳይነኩ አለፉ። ፊቱ በሐፍረት ቀላ።

"ይህን ያህል ወርዶ ነበር?"

"የላግኸው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን!"

"እኔ ያቆምኩት ቤት..." ብሎ ጀመረና ተወው። ልብስ ሰፊዋ ለዓመታት ያጠራቀመችው ንግግር ነበራት። ፊቱን ስታይ ግን አሳዘናት፤ ንግግሩም ጠፋባት።

"ለነገ አዲስ በር አደርሳለሁ" አለ። "ደህና ጣውላ አለኝ። ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል።"

"አዲስ አልፈልግም። የጎደለው ላይ ቁራጭ ጨምርበት።"

"መጋጠሚያው ይታያላ! የአናጢ ቤት በር ተጣፈ ብሎ ሰው ይስቅብኝ?"

"ስንት ዓመት ሱሪህን ጥፌ አስለብሼሃለሁ፤ ማን ሳቀብህ?"

ሳያስበው ፈገግ አለ። "ቀለምስ ልቀባው?"

"አትቀባውም።"

ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ክፍተቱን መለካት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋም ከሳሎን የሕፃኑን አልጋ እየገፋች አመጣችና በማዕዘኑ ግድግዳ ሥር አስጠጋችው።