አማት ያጠቡት ኩሬ

ይሄ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ከዋሸሁ ያንቀኝ። አስቀድሜ የምምለው ማንም እንደማያምነኝ ስለማውቅ ነው፤ የሚያምነኝ ሰው ቢኖርማ ምን አስማለኝ?

ሰውየውን የሰፈሩ ሰው ጠብታ ይለዋል። ኮይ የሚባሉትን ባለቀለም ዓሣዎች በግቢው ያኖረ ሁሉ፣ ሆቴሉም ክሊኒኩም፣ ውሃው ሲታመምበት የሚጠራው እሱን ነው። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ይቀዳል፣ መድኃኒት ጠብ ጠብ ያደርግበታል፣ ቀለሙን አይቶ ይፈርዳል። ስሙም ከዚያ መጣ። ለራሱም ጓሮው ውስጥ ሰባት ዓሣ ያለበት ኩሬ አለው። ከሰባቱ አንዷ እሜቴ ናት፦ ነጭ፣ ግንባሯ ላይ ቀይ ክብ ያላት፣ ርዝመቷ ከክንዴ የሚበልጥ፤ ክንዴ ደግሞ አጭር አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቱ ሲሞት ለጠብታ የቀረችለት እሷ ብቻ ናት። ሽማግሌው ሲያፏጭላት ከኩሬው ጥግ ድረስ ትመጣ ነበር፤ ዛሬም ልጁ ያንኑ ፉጨት ሲያሰማት ትመጣለች።

ታዲያ ጠብታ ለአንድ ትምህርት ቤት ኩሬ ሊተክል ሦስት ቀን ሌላ ከተማ ሄደ። ቤቱን ለሚስቱና ለጥየቃ ለመጡት አማቱ ትቶ። አማቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች አለቃ ነበሩ። እድፍ የሚባል ነገር ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። ሲራመዱ ጥላቸው ራሱ የተተኮሰ ይመስላል።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጠብታ ተመለሰ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ በጓሮ በር ገባና ክው ብሎ ቀረ።

የኩሬው ወለል ይታያል! ከአራት ዓመት በፊት የጠፋው የሠርጋቸው ማንኪያ፣ ጎረቤት ተጠርጥሮ ያኮረፈበት ማንኪያ፣ ታች ተጋድሞ ያብለጨልጫል። ግድግዳው ላይ የነበረው አረንጓዴ ሽበት ተፍቆ ሲሚንቶው አፍጥጧል። ዞር ሲል ደግሞ የልብስ ገመዱ ላይ አሥር ስፖንጆች፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ በመጠናቸው ተሰልፈው፣ በመቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ትቷቸው ሲሄድ የኩሬው ውሃ ማጣሪያ ሣጥን ውስጥ ሆነው እንደ ጭቃ ቡናማ ነበሩ። አሁን እንደ ሎሚ ቢጫ ናቸው።

«እንኳን ደህና ገባህ ልጄ፤» አሉ አማቱ እጃቸውን በነጭ ሽርጣቸው እየጠረጉ። «አመስግነኝ አልልህም።»

«እማማ... ስፖንጆቹን ምን አደረጓቸው?»

«አታንሣብኝ! ልጄን ለንጹሕ ሰው የዳርኩ መስሎኝ! ያን ማጣሪያ የምትሉትን ሣጥን ስከፍተው እኔው ነኝ ያፈርኩት። በበረኪና ዘፈዘፍኳቸው፣ ሰባት ጊዜ አለቀለቅኳቸው። አሥራ አንደኛውን ልተኩሰው ብል ቀለጠብኝ እንጂ...»

«ተኮሱት?»

«ሞከርኩ ነው ያልኩህ።»

ሚስቱ ከወጥ ቤት በር ብቅ አለች። «ማንኪያዬን አየኸው?» አለች ደስ ብሏት። የባሏን ፊት ስታይ ግን ፈገግታዋን ዋጠች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ዓሣም እንደማንኛችንም ሽንት ቤት ይሄዳል። ችግሩ ሽንት ቤቱም፣ ሳሎኑም፣ የሚተነፍሰውም ያው አንድ ውሃ መሆኑ ነው። ከሚያስወግደው ነገር አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። አይታይም፤ መተንፈሻውን ግን ይለበልበዋል። ያን መርዝ የሚበሉለት ስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቡናማው ጭቃ ማለት እነሱ ናቸው። ጠብታ ስፖንጅ የሚያጥበው በዓመት ሁለቴ፣ ያውም ግማሹን ብቻ፣ በራሱ በኩሬው ውሃ ጭምቅ ጭምቅ አድርጎ ነው። እነሱን ለማርባት ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ለመጨረስ አንድ ሳፋ በረኪና በቂ ነው።

ጠብታ አፏጨ። እሜቴ አልመጣችም። ፓምፑ ውሃ የሚያፈስበት ጥግ ላይ ከስድስቱ ጋር ተጠጋግታ፣ አፏን ከውሃው በላይ አውጥታ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ይኸው ደግሞ ራባቸው፤» አሉ አማቱ። «ከትናንት ጀምሮ እንዲህ አፋቸውን ከፍተው ሲለምኑኝ አንጀቴ አልችል ብሎ በቀን አምስቴ አበላኋቸው።»

ጠብታ ሻንጣውን ጣለ። «እማማ፣ አየር አጥሯቸው ነው!»

ብልቃጡን አውጥቶ ቀዳና ጠብ ጠብ አደረገበት። ውሃው ጤነኛ ቢሆን ቢጫ መሆን ነበረበት። አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ጠቆረ፤ የክፍል ሰሌዳ መሰለ። ጠብታ ሣሩ ላይ ዝርፍጥ አለ።

«መርዝ ነው፤» አለ።

«ይሄ? ይሄ ኩልል ያለ ውሃ? ልጠጣልህ?» ብለው በእፍኛቸው ዝቀው አፋቸው አደረሱት። ጠብታ ተስፈንጥሮ እጃቸውን መታው። የአማቱን እጅ! ያኔ አንደኛው ዓሣ በጎኑ ተገለበጠ። አማትየው ዓሣውን አዩ፣ እርጥብ መዳፋቸውን አዩ፣ ከዚያ ገመዱ ላይ የተሰለፉትን ስፖንጆች አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«በርሜሎቹስ?» አለ ጠብታ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ሁለት ቀን በበርሜል ካልተቀመጠ ዓሣ ላይ አይደፋም።

«ትንኝ ይራባበታል ብዬ... ደፋሁት።»

ክሎሪን የሚያከሽፍ ዱቄት ከጣሳው ግርጌ ተገኘ፤ የኩሬውን ሲሶ ለመቀየር ብቻ የሚበቃ። እሱ እስከ ማታ ያደርሳቸዋል። ከዚያ ወዲያ የሚያድናቸው በሕይወት ያለ ስፖንጅ ነው፤ ቆሻሻ፣ እርጥብ፣ የሌላ ሰው ስፖንጅ።

«ጎሚስታውስ?» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

ጎሚስታው መታጠፊያው ላይ ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ነው። ከጋራዡ ጀርባ ጠብታ ራሱ በሰጠው የዓሣ ጫጩት የጀመረው ኩሬ አለው፤ ማጣሪያው የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ ከተገዛ ጀምሮ እጅ ነክቶት አያውቅም። አምና ጠብታ ደንበኛ ፊት «ይሄ ኩሬ ነው ወይስ የተቃጠለ ዘይት?» ብሎት ተኮራረፉ። አማትየውም በመጡ ቀን በዚያ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይዘው «እዚህ ሰው ይኖራል?» ብለዋል፣ ጮክ ብለው።

የጠብታ ሚስት የውሃ ጎማውን ይዛ ውሃ ስትቀይር፣ አማትና አማች ተያይዘው ሄዱ።

«ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለ ጎሚስታው ከጎማ ክምር ላይ ቀና ብሎ።

አማትየው ናቸው የቀደሙት። «ልጄ፣ ቆሻሻ ፈልገን ነው።»

«ምን?»

«ቆሻሻህን። ሳታጥብ።»

ጎሚስታው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ስንት ስድብ ሰምቻለሁ እማማ፣ ይሄ ግን አዲስ ነው!»

«እሜቴ እየሞተች ነው፤» አለ ጠብታ።

ሳቁ እዚያው ተቆረጠ። ጎሚስታው እጁን ማጣሪያው በርሜል ውስጥ እስከ ብብቱ ከተተና አንድ የፍራሽ ቁራጭ ጎትቶ አወጣ፤ እንደ ጉበት የጠቆረ፣ የሚዝለገለግ። «እንዳይደርቅ፤ ባልዲዎቼ ደግሞ ሁሉም በመኪና ቅባት፣ በግራሶ የተለወሱ ናቸው፤» አለ።

አማትየው ነጩን ሽርጣቸውን ፈትተው ዘረጉ። ጠቅልለው እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቀፉት። ቡናማው ውሃ በቀሚሳቸው እየወረደ ጫማቸው ውስጥ እስኪገባ መንገዱን አቋርጠው ሄዱ። ሱቅ የተቀመጠው፣ ታክሲ የሚጠብቀው፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፂም የተላጨ ደንበኛውን ጥሎ በር ላይ ወጣ።

የፍራሹ ቁራጭ ማጣሪያው ውስጥ ገባ። በዚያን ቀን ከሰዓት ሁለት ዓሣዎች ሞቱ፤ እሜቴ በሕይወት ነበረች፣ ከጥጉ ግን አልተነቃነቀችም። አማትየው በርጩማ አምጥተው ኩሬው ዳር ተቀመጡ፤ ሦስት ቀን አንዲት ፍርፋሪ የሚጥል ሰው አላስጠጉም። በርሜሎቹ እንደገና ተሞልተው ሁለት ቀን ሲሆናቸው የኩሬው ውሃ ሲሶ ዳግም ተቀየረ። ብልቃጡ ከጥቁር አረንጓዴ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫማ አረንጓዴ ሄደ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቢጫ ሆነ። እሜቴም አፏን ገጠመች፣ ዞረች፣ ቀስ ብላ ወደ ወለሉ ወረደች።

ጠብታ ከአራት ቀን በፊት የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። አማትየው ውሃው ላይ አጎንብሰው «ይቅር በይኝ እሜቴ፣ አላወቅሁም» ብለው አለቀሱ።

እሺ፣ እሺ። ይቺን እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሌላው በሙሉ እውነት ነው፤ የተተኮሰው ስፖንጅ ሳይቀር። ይቅርታ ግን አልጠየቁም፤ በሕይወታቸው ጠይቀው የሚያውቁም አይመስለኝም። ዓሣዋ ስትወርድ እስከ መጨረሻው ተከትለው አዩዋት፣ በርጩማቸውን አነሡና «ከስታለች» ብለው ወደ ቤት ገቡ።