ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የተላከ ሽማግሌ

የአጎቴ ልጅ ትዝታ አምና የሕክምና ትምህርት ቤቱን የጽሑፍ ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋ ቃለ መጠይቁ ላይ ወደቀች። የጣላት ጨዋነቷ ነው። «ተቀመጪ» ሲሏት ሁለት ጊዜ «ግዴለም» ብላ በሦስተኛው ተቀመጠች። «ካመለከቱት ሁሉ ለምን አንቺን እንምረጥ?» ሲሏት ወለሉን እያየች «ከእኔ የሚሻሉ ይኖራሉ» አለች። ጠያቂዎቹም አመኗት።

ዘንድሮ ግን እኔ አለሁ። ንፋስ መውጫ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ስለ ቃለ መጠይቅ በስልኬ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ትዝታ ጤና ጣቢያ ሥራዋን ስትጨርስ በቀጥታ እኔ ቤት ትመጣለች። ጠረጴዛ መሃላችን እናደርጋለን፤ እኔ መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አወርድና ፕሮፌሰር እሆናለሁ።

«ስለ ራስሽ ንገሪን።»

«ምን የሚነገር አለኝ፣ ፍሬው?»

«ፕሮፌሰር በይኝ። ደግሞ ቀና በይ፤ ጠያቂሽ እኔ ነኝ፣ ጫማዬ አይደለም።»

ትስቃለች። አራት ዓመት ነርስ ሆና የሠራች፣ ሌላው ፈልጎ ያጣውን ደም ሥር በአንድ ጊዜ የምታገኝ ሴት፣ ስለ ራሷ ተናገሪ ስትባል አንገቷን ማሸት ትጀምራለች። ተቆጣሁ፣ ለመንኳት፤ አንድ ቀንማ ደብተሬን ወርውሬ ወጣሁ፣ ያውም ከገዛ ቤቴ። ጤና ጣቢያው ለትምህርት እለቅሻለሁ ያላት ለዘንድሮ ብቻ ነው፤ አሁን ከወደቀች አበቃ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ቀስ በቀስ ቀና ማለት ጀመረች።

አንድ ቀን አባቷ ጋሽ አለበል የገብስ ቆሎ ይዘውልን መጡና ልምምዳችንን ተቀምጠው ሰሙ። አልወደዱትም።

«ሰው እንዴት በገዛ አፉ ራሱን ያመሰግናል?» አሉ። «የሚያመሰግናት ዘመድ አጥታ ነው?»

አሠራሩ እንደዚህ መሆኑን በሰፊው አስረዳኋቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝምታቸውን እንደ መስማማት ቆጠርኩት፤ የተማሪን ዝምታ ለሚያውቅ መምህር ትልቅ ስህተት ነው።

በቃለ መጠይቁ ዋዜማ እኔና ትዝታ ባሕር ዳር ገባን። በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ከጥበቃው ቤት አጠገብ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፦ ጋሽ አለበል፣ የደብራችን ቄስ መምሬ ዓለምነህ፣ ከገበያችን ደግሞ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ አብዱልመጂድ።

በእኛ አገር ልጅ ሲታጭ ሽማግሌ ይላካል። ሙሽራው ቤቱ ይቀመጣል፤ ስለ እሱ የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ጉዳያቸው እሺ እስኪባልም ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሽ አለበል ይህንኑ ሥርዓት ለሕክምና ትምህርት ቤት አውለውታል።

«ታውቃቸዋለህ?» አለኝ ጥበቃው ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «ከማለዳ ጀምረው ቆመዋል። ወንበር ባቀርብላቸው እሺ ሳንባል አንቀመጥም ይሉኛል። እኔ ምኑን ነው እሺ የምለው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሁለት ሳምንት ድካሜ በሦስት ጋቢ ሊቀበር ነው።

«ለመሆኑ ገብታችሁ ምን ልትሏቸው ነው?» አልኩ፣ ንዴቴን መደበቅ አቅቶኝ።

መምሬ ዓለምነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጨዋ ናት እንላለን። ቀና ብላ ሰው አታይም። ድምፅዋ ከጎረቤት ተሰምቶ አያውቅም።»

«ሱቄ ስትመጣም ዋጋ አትከራከርም» ሲሉ ጋሽ አብዱልመጂድ አከሉበት።

አፌን ልከፍት ስል ትዝታ ቀደመችኝ። አባቷን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ነበር።

«አባዬ፣ ይህን አምና አሳይቻቸው ወድቄያለሁ» አለች። «ባለፈው ሐምሌ ወንዙ ሞልቶ አምቡላንስ አላሻግር ያለ ቀን አንዲት አራስ ደሟ አልቆም አለ። ወንዙ እስኪጎድል ማህፀኗን በሁለት እጄ ይዤ ቆየሁ፤ ተረፈች። በነሐሴ ሌላዋ መጣች። እሷ ቀዶ ጥገና ነበር የሚያስፈልጋት፣ እኔ ደግሞ አልችልም። እጄን እንደያዘች ሞተች። ሁለቱንም ቀን ቤት ገብቼ ራትዎን አቀረብኩ። እንዴት ዋልሽ ሲሉኝ ደህና አልኩዎ። ያን ቀዶ ጥገና መማር እፈልጋለሁ። እችላለሁም። አሁን ይቀመጡልኝ፤ ውስጥ ገብቼ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ጥበቃው ሳይጠየቅ ወንበሩን አመጣ። ጋሽ አለበል ተቀመጡ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትዝታም ወደ ውስጥ ገባች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ካለፉት ጋር ስሟ ወጣ። መምሬ ዓለምነህና ጋሽ አብዱልመጂድ «እኛ ሄደን ማን እምቢ ሊለን» እያሉ ንፋስ መውጫን ሞሏት። እኔም ስለ ሥልጠናዬ ያልነገርኩት ተማሪ የለም። ጋሽ አለበል ብቻ ምንም አላሉም።

ትዝታን መናኸሪያ ድረስ ሸኝተን ስንመለስ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምነው ዝም አሉ?» አልኳቸው።

ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጄን ላስመሰግን ሄጄ ልጄን እንደማላውቃት አወቅሁ» አሉ። «ስንት ዘመን ሙሉ እንዴት ዋልሽ ስላት ኖሬ፣ አንድም ቀን መልሷን ጠብቄ አልሰማሁም።»