ኦፓልን የኔ ናት ያሉ ሰው

መንግሥት የላቮንዳን የግብር ወረቀት አልቀበልም ብሎ ለመመለስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ሚስ ኔልዳ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በግብር ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ ተቀምጠው የሰው ቅጽ በነጻ ይሞላሉ። ክፉ ወሬ ሲናገሩ እንደ ሥራቸው ጊዜ ፊት ለፊት መንገዱን እንጂ ተሳፋሪውን አያዩም።

«ልጅሽን ሌላ ሰው ወስዷታል» አሉ ኮምፒውተሩን እያዩ።

ላቮንዳ ዞር አለች። የስድስት ዓመቷ ኦፓል ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ የአዞ ሥዕል ታያለች።

«ይቺውላት እኮ!»

«በወረቀት ነው የምልሽ። አንድ ሰው ቀድሞሽ በመታወቂያ ቁጥሯ ‹የኔ ናት› ብሎ ሞልቷል። አንድ ልጅ በሁለት ሰው ቅጽ ላይ አትገባም።»

ልጅ ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ከመንግሥት የሚመጣው የግብር ተመላሽ ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው። የላቮንዳ የዘንድሮው ገና ሳይመጣ ሥራ ተሰጥቶታል፦ የመኪናዋ ካምቢዮ። ዶሮ ፋብሪካ ቆማ የዶሮ ጭን ከአጥንት ስትለይ ነው የምትውለው። ካምቢዮው ከሞተ ወዲህ የምትሳፈረው በአክስቷ ልጅ መኪና ነው፤ እሷም በወሩ መጨረሻ ጠቅልላ ቴክሳስ ልትገባ ነው። ፋብሪካው አሥራ ስምንት ማይል ይርቃል። በእግሩ የሚነሳ ሰው የሚደርሰው ከተባረረ በኋላ ነው።

«ኮይ ነው!» አለች። «ያ የማይረባ!»

«ኮይ ግብር ሞልቶ ያውቃል?»

ላቮንዳ አሰበችበት። የልጅቷ አባት እንኳን ግብር የልደት ካርድም ሞልቶ አያውቅም።

«እሱስ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ቁጥሯን የሚያውቅ ሌላ ማነው?»

ያኔ ነው ትዝ ያላት። ባለፈው መኸር ኦፓልን ትኩሳት ሲይዛት፣ ለክሊኒኩ ብላ ቁጥሯ ያለበትን የካርዷን ቅጂ ለሚስተር ኤልበርት ሰጥታቸው ነበር። ለኮይ አባት።

ሚስተር ኤልበርት ትሪፕ ልጅቷን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ተቀብለው፣ አብልተው፣ እናቷ ከሥራ እስክትገባ የሚያቆዩ ሰው ናቸው። ኦፓል ፓፓው ትላቸዋለች፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ ሰፈሩም ለሽማግሌ የሚሰጥ ስም እንደሆነ ሁሉ ሰምቶ ያልፋል። ምክንያቱም ኦፓል የተወለደች ዓመት፣ ኮይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በሰው ሁሉ ፊት «የኔ አይደለችም» ሲል አባቱ አጠገቡ ቆመው ነበር፤ ባርኔጣቸውን እያዩ ዝም አሉ። ኮይ ወደ ባሕር ነዳጅ ቁፋሮ ሄደ። ከአራት ዓመት በኋላ ሽማግሌው አንድ ከረጢት ስኳር ድንች ተሸክመው ላቮንዳ በር ላይ ቆሙ። «ለልጅቷ» አሉ። በማግስቱም መጡ። ስለ ደጁ ነገር ማንም አንስቶ አያውቅም። በዚያ ከተማ ይህ ዕርቅ ይባላል።

ላቮንዳ ስትደርስ በረንዳቸው ላይ ፒካን የተባለውን የዛፍ ለውዝ እየፈለፈሉ አገኘቻቸው።

«ሚስተር ኤልበርት፣ ዘንድሮ ግብር ሞልተዋል?»

«ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ጠረጴዛ ያላት ልጅ ሞላችልኝ። ጥፍሯ ይህን ያህላል። በዚያ ጥፍር መጻፏም ይገርማል።»

«ምን ጠየቀችዎት?»

«ስም። ሥራ። ከዚያ ደግሞ ‹የኔ ነው የሚሉት ልጅ አለ?› አለችኝ።»

«እሺ?»

«አለ አልኳት» አሉ፤ ለላቮንዳ ሳይሆን ለፒካኑ። «ቁጥሯን አለች፤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። በጠየቀችኝ ቁጥር ድምፄ እየጨመረ ሄዶ፣ ቲማቲም የሚገዛው ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«የመጣውስ ገንዘብ?»

«መሳቢያ ውስጥ ነው። ለምን እንደላኩልኝ አልገባኝም። ተሳስተው ይሆናል፤ ይጠይቁኛል ብዬ አልነካሁትም።»

ላቮንዳ ከቤቷ ስትነሳ ልትጮህ ነበር። አሁን ጩኸቱ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳች፤ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ቴክሳስ። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ቃል አመለጣት።

«ሌላ ምንም አይደለም፤ የኔ አይደለችም ብለው ይፈርማሉ፣ በቃ።»

ሽማግሌው የፒካኑን ሳህን አስቀመጡ። ተነሥተው ገቡ። ሲመለሱ ፖስታ ይዘዋል።

«ገንዘቡን ውሰጂ። ሁሉንም። ያንን ግን አልፈርምም።»

«ገንዘቡ ለመንግሥት ነው የሚመለሰው! ካልፈረሙ ይቀጡዎታል።»

«ይቅጡኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺን እኔ በመኪናዬ አመላልስሻለሁ። አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ፣ ልጄ። ባርኔጣዬን እያየሁ። ሁለተኛ አይደገምም።»

ላቮንዳ ለዚያ ለደጁ ዝምታቸው ስድብ አዘጋጅታ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እየሳለች ያቆየችውን። እሱን ትታ ፒካን አነሣችና መፈልፈል ጀመረች።

የራሷን ቅጽ በፖስታ ብትልክ እንደሚቀበሏት ሚስ ኔልዳ ነግረዋታል፤ ከዚያ ለሁለቱም ደብዳቤ ይመጣል፣ ወራት ይፈጃል፣ ያጠፋው ይቀጣል። ያጠፉት ደግሞ ሽማግሌው ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቅጹን በቦርሳዋ ይዛ በፖስታ ቤቱ በር አለፈች። አልገባችም። ዓርብ ማታ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ እንዲህ አለች፦

«አይፈርሙ። ብቻ ነገ ይምጡና ለሚስ ኔልዳ ራስዎ ይንገሯቸው። እኔ ሳወራው ይበላሻል።»

ሽማግሌው በማግስቱ ለእሑድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው መጡ። ሚስ ኔልዳ አብሮ አደጋቸው ስለሆኑ አንቱ አላሏቸውም።

«ኤልበርት፣ አንተ ግትር! መንግሥት የማን ደም ናት አላለህም። የት ታድራለች ነው ያለው። ከግማሽ ዓመት በላይ ማን ቤት አደረች?»

«እናቷ ቤት።»

«በቃ።»

«የምትውለው እኔ ጋ ነው።»

«ቅጹ ላይ ለመዋል የሚሞላ ሳጥን የለም።»

የማረሚያ ቅጹን አዙረው አሳዩአቸው። በልጅ ብዛት ቦታ ቀድሞ ‹አንድ› የነበረው አሁን ‹ዜሮ› ይሆናል። ሚስተር ኤልበርት ዜሮዋን ጎንበስ ብለው ዐዩአት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዚያን ዕለት ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው ማን ቀድሞ እንደሚለቅ የሚተያዩ መሰሉ።

«እዚህ ጋ» አሉ ሚስ ኔልዳ፣ «ለምን እንደቀየርክ ምክንያት ይጠይቃል። ‹በስሕተት› ብዬ ልጻፍና ፈርመህ ሂድ።»

«ስሕተት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ላቮንዳ ባርኔጣቸውን ፈለገች፤ አልያዙም። ቀና ብለው እሷን ነው የሚያዩት።

«ይናገሩ» አለቻቸው። «ምክንያትዎን ነው የጠየቀው።»

«ጻፊ፣ ኔልዳ። ኦፓል የልጄ ልጅ ናት።»

ሚስ ኔልዳ ጻፉ።

«የኔ ናት።»

«ኤልበርት፣ ይህን የሚያነብ የመንግሥት ሰው የለም።»

«ጻፊ አልኩ። የኔ ናት። የምታድረው ግን እናቷ ቤት ነው። እናቷ ደኅና እናት ናት። ስለዚህ ወረቀቱ ለእናቷ ይሁን።»

ሳጥኑ ጠበበ፤ ‹ለእናቷ ይሁን› ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስነበቡት፤ ከዚያ ስማቸውን ሳይቸኩሉ ፈረሙ።

«አንድ ቅጂ ለራስህ አስቀር» አሉ ሚስ ኔልዳ እየተነሡ። «አንድ ይበቃሃል።»

«ሁለት ያድርጉት» አለች ላቮንዳ።

«የእሱ ግብር ነው እኮ፣ አንቺ ሴት! ላንቺ ምን ሊያደርግልሽ?»

ላቮንዳ ሳንቲም ፈልጋ የወረቀት ማባዣው አጠገብ አስቀመጠች፤ ወረቀቱ ሲወጣም፣ ገና ሳይበርድ፣ እንዳይታጠፍ አድርጋ በሁለት እጇ ተቀበለችው።