ከጎማው ራስ ሥር

የሰውየው እንጀራ ጭንቅላት ማጥለቅ ነበር። በየሳምንቱ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከሌላ ኮከብ የመጣውን ፍጡር ሆኖ ይጫወታል፤ አረንጓዴ የጎማ ራስ አጥልቆ ይንጎራደዳል፣ ድምፁን ደግሞ ሌላ ሰው ይሞላለታል። ስቱዲዮ ውስጥ «ጎማው» ነው የሚሉት። ምሳ ሰዓት ላይ የጎማውን ራስ አውልቆ ሲቀመጥ «ማንን ፈልገህ ነው?» የሚለው አይጠፋም። እሱም ይስቃል፤ ምን ያድርግ!

አንድ ጊዜ ግን ደራሲዋ በራሳቸው በፊልም ሠሪዎቹ ላይ የሚያላግጥ ክፍል ጻፈች። ፍጡሩ ፊልም ሊሠራ ፕሮዲውሰር ዘንድ ይሄዳል፤ ፕሮዲውሰሩ «ከሌላ ዓለም የመጣ አትመስልም!» ብሎ ይመልሰዋል። ፍጡሩ ተናዶ የጎማውን ራስ መንጭቆ ሲያወልቅ ከሥር የሰው ፊት ይወጣል። «ይኼማ ጭራሽ ሰውም አይመስል!» ይላል ፕሮዲውሰሩ። ጎማው ቀልዱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ የታየው ፊቱ ብቻ ነው። ተስፋ ያደረገ ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

ተቀርጾ እንዳበቃ እናቱ ጋ ደወለ። ሩቅ አገር ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ከተያዩም ብዙ ዘመናቸው ነው።

«እማዬ፣ በዚህ ሳምንት ፊቴን ታዪዋለሽ።»

«ተው እንጂ! ጎረቤቱን ሁሉ ነው የምጠራው!»

በሚተላለፍበት ምሽት ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰ፤ ማን ሊያየው እንደሆነ እንጃለት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። አረንጓዴው እጅ ወደ አንገት ሄደ፤ እጁስ የእሱ ነው። የጎማው ራስ ወለቀ። ከሥር ብቅ ያለው ግን ጉንጨ ሙሉ፣ መልከ መልካም ሌላ ተዋናይ ነው። እሱ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ያንን ትዕይንት በሌላ ሰው ደግመው ቀርጸውታል፤ አንድም የነገረው የለም።

ስልኩ ጮኸ። ምን እንደሚላት ሳያውቅ አነሳው።

«አየንህ!» አለች እናቱ። ከኋላዋ ጎረቤቶቿ ይንጫጫሉ። «እሰይ የኔ ልጅ፣ ጉንጭህ እንዴት ሞልቷል! እኔ እኮ ብቻውን መንምኖ አለቀ እያልኩ እንቅልፍ አልነበረኝም። ለካ ሰው አግኝተሃል! አለሁልህ የምትል አግኝተሃል!»

ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። ያለው አንድ አልጋና አንድ ብርጭቆ ነው።

«አዎ እማዬ» አላት። «አግኝቻለሁ።»

«እስቲ አገናኘኝ፣ ድምጿን ልስማው!»

«አሁን ተኝታለች» አለ፤ እንዳይቀሰቅሳት የሚፈራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።